የትኛውም ቅዳሜ አይሆንም

ሚሚዬ፣

እንደምን አደርሽ? ይሄን ስታነቢ እኔ ከሥራ ገብቼ ተኝቻለሁ፤ እንዳትቀሰቅሺኝ። ሌሊቱን የላክሽልኝን ቴክስት ደጋግሜ ሳነብ አደርኩ። «ቨርጂኒያ ቴክን ለማየት ታንክስጊቪንግ ይመቸኛል፤ ካልሆነም የትኛውም ቅዳሜ ይሁን» ብለሻል። ፊደል የቆጠርሽው ለዚህ ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው። የከበደሽን እናትሽን ጠይቂ።

በታንክስጊቪንግ፣ በኖቬምበሩ በዓል ሳምንት፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተማሪ የለም። ሳምንቱን ሙሉ እረፍት ናቸው። ከአሌክሳንድሪያ ከአራት ሰዓት በላይ ነድተን የምናየው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ያምራል፣ አልክድም፤ ያ ሆኪ ስቶን የሚሉት ግራጫው። ግን አራት ዓመት የምትኖሪው ከሰው ጋር ነው። ባዶ ግቢ አይተሽ እንዳትወስኚ።

የፉትቦል ጨዋታ ያለበት ቅዳሜም አይሆንም። ዩኒቨርሲቲው ያለባት ብላክስበርግ 45 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ስታዲየሙ ብቻ ከ65 ሺህ በላይ ይይዛል። ያን ቀን ሆቴል አይቀመስም፣ መኪና ማቆሚያ አይገኝም፣ ያገኘሽው ሁሉ ብርቱካናማ ለብሶ ይጨፍራል። ደስ ይላል። ግን ሠርግ ቤት አይቶ ስለ ትዳር መወሰን ነው የሚሆነው።

ኦክቶበር ውስጥ ቡድናቸው ከሜዳው ውጭ የሚጫወትበትን ሳምንት ፈልጊ። አንድ አርብ ፎል ብሬክ፣ የመኸር እረፍት፣ ብለው ይዘጋሉ፤ እሱንም እለፊው። ሐሙስ ማታ ሮአኖክ አክስትሽ ጋ እናድራለን። አርብ ጠዋት ግቢው በሥራ ላይ ነው። አስፈቅደሽ አንድ ክፍል ገብተሽ ቁጭ በይ። ካፌያቸው ውስጥ ብቻሽን ብዪ፣ እኔ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ። የጾም ምን እንዳላቸውም እዪ። ድሪልፊልድ የሚሉትን ሜዳ ተማሪው ክፍል በሚቀይርበት ሰዓት አቋርጪው። ነፋሱ ክፉ ነው፤ ወፍራሙን ጃኬትሽን ያዢ።

ከጓደኛሽ ጋር በሌሊት በ81 አውራ ጎዳና መንዳት የሚባል ነገር ግን የለም። መንገዱ የከባድ መኪና ነው። በዚህ አልደራደርም።

«የትኛውም ቅዳሜ» የምትለዋ ቃል ለምን እንዳስደነገጠችኝ ልንገርሽ። እናትሽ ታውቃለች፣ ለአንቺ ነግሬሽ አላውቅም።

በ1980 ዓ.ም አለማያ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ ግቢውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። መርጦና ጎብኝቶ መግባት የሚባል ነገር የለም፤ ስምሽ ወጥቶ አውቶቡስ ላይ ትወጪያለሽ። አያትሽ የት እንደወደቅሁ ማየት አለብኝ ብሎ ጻፈልኝ። መቼ ልምጣ አለኝ። እኔም «የትኛውም ቅዳሜ ና፣ አለሁ» ብዬ መለስኩ።

ከደብረ ብርሃን ሁለት ቀን በአውቶቡስ መጣ። የመጣበት ቅዳሜ እኔ ከጓደኞቼ ጋር ድሬዳዋ ወርጄ ነበር። ያኔ ደውሎ መጠየቅ የለም። እሁድ ማታ ስመለስ ዘበኛው ጠራኝና አንድ ቋጠሮ ሰጠኝ። ዳቦ ቆሎ ነው። የእናቴ አስተሳሰር ነው፣ ሁለቴ ዞሮ የተቋጠረ፤ አልተፈታም። «ሁለቱንም ቀን እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ» አለኝ። «ግባ ብለው ልጄ ከሌለ ምን አያለሁ አለ። የምትተኛበትን ጠየቀኝ፣ ጣሪያውን በእጄ አሳየሁት።» የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተሳፍሮ ሄዷል።

የአለማያን ሐይቅ እንኳ አላሳየሁትም። በኋላ ለዓመታት ደርቆ ነበር፤ ያኔ ግን ውሃ ነበረው፣ ገበሬ ነውና ደስ ይለው ነበር። በዓመቱ አረፈ። የኔን ግቢ የሚያውቀው ከበሩ እስከ ጣሪያው ነው።

አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እኔ ግን ያንን «አለሁ» ብዬ የጻፍኩትን ወረቀት አልረሳውም።

አንቺ እንደኔ አልተመደብሽም፤ አይተሽ መምረጥ ትችያለሽ። ታዲያ ባዶ ግቢ አይተሽ እንዳትወስኚ። የመቀበያ ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ልባችን ካልጠገበ በኤፕሪል እንደገና እወስድሻለሁ፤ መልስ የምትሰጪው እስከ ሜይ 1 ነው።

ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ። የጨዋታውን ፕሮግራም እዪና ቀኑን ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊልኝ። ጉብኝቱ ቶሎ ስለሚሞላ ዛሬውኑ ተመዝገቢ። እኔም ሺፍቴን ከሰው ጋር መቀየር የምችለው ከሁለት ሳምንት በፊት ካወቅሁ ነው።

አባትሽ