የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችም አሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው ትምህርት ለትልልቆቹ ነበር። የአራትና የአምስት ዓመቶቹ ለእናቶቻቸውና ለስልክ ተትተው ነበር። ደጋው በክረምት ልጁን ከብርድ ይሸሽጋል፤ እኛ ድሬዳዋዎች ከሙቀት። ደቻቱ ወንዝ ዳር ይጫወቱ እንዳንል፣ የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ያየ ሰው ልጁን ወደዚያ አሸዋ አይልክም።

ጋዜጣችሁ ቀለምና መጫወቻ ግዙላቸው ሲል መክሯል። በየትኛው ገንዘብ? ደግሞም በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከመጫወቻ ይልቅ ሥራ ይወዳል። ባቄላና ሽንብራ ቀላቅላችሁ ለይልኝ በሉት፤ ሊጥ ቆርሳችሁ ስጡት። (ለታናናሾቹ ጥራጥሬ አይሆንም፤ አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል።)

ለከተማችን ግን ከሁሉም የሚሻለው ውሃ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጥላ ሥር፣ ሳፋ ውስጥ ጥቂት ውሃ፣ ሁለት ኩባያና አንድ ማንቆርቆሪያ። ሲቀዱና ሲገለብጡ ረፋዱ ያልፋል። አዋቂ ከአጠገባቸው አይራቅ። ሲያበቁ ውሃው አትክልት ላይ ይደፋ፤ በ2011 ክረምት በየቤቱ ያስተኛንን የቺኩንጉንያ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው እንዲህ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ነው። በየቤቱ ያለውን በረኪና ደግሞ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ልጅ ይጠጣዋል።

እናንተም ከስፖርቱ ገጽ ጥቂት ቀንሳችሁ ለተረትና ለእንቆቅልሽ ቦታ ስጡን። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ የሚያወጉ አያቶች በየሰፈሩ ሞልተዋል፤ ጠይቋቸው።

አንዲት እናት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ