ጭፈራው ስም አለው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሐዋሳ ነው የምኖረው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ባየሁት ነገር ነው። ስምንት ልጆች የሣር ጉርድ ታጥቀው፣ ፊታቸውን ነጭ ቀለም ተቀብተው ወጡ። በስፒከር ከበሮ ተለቀቀና ዘለሉ። አስተዋዋቂው «የምዕራብ አፍሪካ ጭፈራ» አለ፣ በቃ። የየት አገር ነው? የየትኛው ሕዝብ? የሠርግ ነው የለቅሶ? ማንም አልነገረን። ልጆቹ ምንም አላጠፉም፣ ያሳዩአቸውን ነው የሠሩት። እኔን ግን ከነከነኝ።

እስቲ የጋና ዋና ከተማ አክራ ላይ አንድ ሰው የሲዳማን ቄጣላ «የምሥራቅ አፍሪካ ጭፈራ» ብሎ ያቅርበው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ ዕለት፣ ጉዱማሌ አደባባይ ቆሞ ያየ የሐዋሳ ሰው ዝም ይላል?

እኔ ለትምህርት ሁለት ዓመት ኩማሲ፣ ጋና ኖሬአለሁ። ያከራዩኝ ሴትዮ እናታቸው ሞቱና ቅዳሜ ዕለት ለቅሶ ሄድኩ። ሰዉ ጥቁርና ቀይ ለብሷል። ከበሮው ሲጀምር አንዲት ትልቅ ሴት መሀል ገቡ። አዶዋ ይባላል፣ የአሻንቲዎች ጭፈራ ነው። መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ በለቅሶ ይጨፈራል እንዴ? (በኋላ ሳስበው የእኛው ጋሞም የትልቅ ሰው ለቅሶ ላይ ይጨፍራል።) እግራቸው ረጋ ያለ ነው፣ ነገሩ ያለው እጃቸው ላይ ነው። አጠገቤ የቆመው ልጅ ይፈታልኝ ጀመር። ሁለት እጅ ጭንቅላት ላይ ሲሆን ሐዘን ነው። እጅ ወደ ሰማይ ሲጠቁም «ዓይኔ ወደ ፈጣሪ ነው» ማለት ነው። አመልካች ጣት ከቀኝ ዓይን ሥር ካረፈ ደግሞ «የምለው የለኝም፣ የሚሆነውን አያለሁ» ነው። እኔ የእኛ ቅኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ እነሱ በእጃቸው ይቀኛሉ። ደስ ያለው ሰው ደግሞ ወደ መሀል ገብቶ ሁለት ጣቱን ከጨፋሪዋ ራስ በላይ ያነሳላታል፣ አበጀሽ እንደማለት።

ይሄ እንግዲህ የአንድ ሕዝብ አንድ ጭፈራ ብቻ ነው። ኤዌዎች አግባጃ አላቸው፣ ከጦርነት ጭፈራ የመጣ፣ ክንድ እንደ ወፍ ክንፍ የሚርገበገብበት፤ እስክስታ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይይዘዋል። በሰሜን ዳጎምባዎች ባማያ ሲጨፍሩ ወንዶቹ የሴት ልብስ ለብሰው ወገባቸውን ያወዛውዛሉ፣ ከድሮ ድርቅ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ታዲያ የትኛው ነው «የምዕራብ አፍሪካ ጭፈራ»? ያውም ጋና ብቻ ነው ይሄ ሁሉ፤ ናይጄሪያና ሴኔጋል ገና አልተነኩም።

ሌላም ያናደደኝ ነገር አለ። በዚያው ቀን ትልልቆቹ ተማሪዎች አዞንቶ አዘጋጅተው ነበር። «ዘመናዊ ነው፣ ባህል አይደለም» ተብሎ ተከለከለ። አዞንቶ እኮ የአክራ ወጣቶች ጭፈራ ነው። እንደ ፈረንጆች በ2011 አካባቢ ነው ከጋና አልፎ ዓለምን ያዳረሰው። ልብስ ማጠብና መተኮስ፣ መኪና መንዳት፣ ስልክ ማውራት፣ የሰው የዕለት ኑሮ ሁሉ በምልክት ይጨፈርበታል። እዚህም እጅ ነው የሚናገረው፣ ልክ እንደ አዶዋ። አሁን ባህላዊ የሚባለው የክፓንሎጎ ጭፈራም ቢሆን እንደ ፈረንጆች በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአክራ የጋ ሕዝብ ወጣቶች የፈጠሩት ነው፤ ያኔ ትልልቆቹ ነውር ነው ብለው ተቆጥተውበታል። ዛሬ የአገሪቱ የባህል ቡድኖች ይጨፍሩታል።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ሬሳ ተሸክመው የሚጨፍሩት የጋና ወጣቶች ቪዲዮ እዚህም ስልክ ለስልክ ዞሯል። ሁላችንም ስቀንበታል። ሰዎቹ ግን ቀልድ ላይ አልነበሩም። ቤተሰብ ከፍሎ ነው የሚጠራቸው፣ ሟቹ በክብር እንዲሸኝ።

እናንተን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። የባህል ዓምድ አላችሁ። አንድ ሳምንት አንድ ጭፈራ ብታወጡ፣ ስሙን፣ ሕዝቡን፣ መቼ እንደሚጨፈር። መምህራን ያነባሉ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዝግጅት ይሆናቸዋል። የልጄ ትምህርት ቤት ከፈለገኝ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ፣ የማውቃቸውን የአዶዋ የእጅ ምልክቶች በነፃ አሳያለሁ። የሣር ጉርዱ ግን ይቅር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ