የሳይንስ ክበብ፦ ዘጠነኛውን ትውልድ ፍለጋ

የሳይንስ ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዋና ሥራ የተነሣው ከአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። አዘዞ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር አይቶ፣ «ከታች ያለ ማዕድን ሳይወጣ እንዴት ይለካል?» አለ። ከማዕድናቱ ዩራኒየምን መረጥን፤ የተቀበረበትን ቦታ በጨረር ይናገራላ። (ወሬው ፒያሳ ሳይደርስ ልናገር፦ የጎንደር ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ዩራኒየሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።)

አሠራሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል የያዘ ቀጭን መሣሪያ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ጋማ ጨረር ሲያገኘው ክሪስታሉ ብልጭ ይላል። ብልጭታው በሴኮንድ ይቆጠራል።

ልጆቹን ያስገረማቸው ሌላ ነው። ዩራኒየም-238 ራሱ የሚሰጠው ጋማ ደካማ ነው። መሣሪያው በአብዛኛው የሚቆጥረው የቢስሙዝ-214ን ጨረር ነው። ዩራኒየም ጨረር እየለቀቀ ደረጃ በደረጃ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ቢስሙዝ ደግሞ ከዩራኒየም ሲቆጠር ዘጠነኛ ትውልድ ነው። «ቲቸር፣ ሰባት ቤት አልፏል፤ መጋባት ይችላሉ!» ብላ አንዷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሁላችንንም አሳቀችን።

ዝምድናው መራቁ ግን ጣጣ አለው። መካከል ላይ ራዲየም አለ። የከርሰ ምድር ውኃ ዩራኒየሙን አጥቦ ራዲየሙን ትቶት ከሄደ፣ መሣሪያው «እዚህ ሞልቷል» ይላል፤ ማዕድኑ ግን የለም። ስለዚህ ከጉድጓዱ የወጣ ናሙና ላብራቶሪ ገብቶ ይነጻጸራል። ኒውትሮን እየለቀቀ ዩራኒየም-235ን (ሌላውን የዩራኒየም ዓይነት) በቀጥታ የሚለካ መሣሪያም አለ።

ጨረር አመንጪ ነገር ትምህርት ቤት ማምጣት አይታሰብም። ስለዚህ ሰፊ የፍሳሽ ቱቦ ሁለት ቦታ ቀደን ከውጭ መብራት አደረግንበት፤ አንዱ ጠባብና ደማቅ፣ ሌላው ሰፊና ደብዛዛ። የብርሃን መለኪያ አፕ የተጫነበት ስልክ በሲባጎ አወረድንና ወደ ላይ እየሳብን አስመዘገብነው። ባለሙያዎቹም በአብዛኛው የሚመዘግቡት ሲስቡ ነው፤ ገመዱ ስለሚወጠር ጥልቀቱ አያሳስትም።

ግራፉ ሲወጣ ጭቅጭቅ ተነሣ። ግማሾቹ በጫፉ ከፍታ ፈረዱና ደማቁ አሸነፈ አሉ። ከመስመሩ ሥር ያሉት ካሬዎች ሲቆጠሩ ግን ደብዛዛው በለጠ። ማዕድን ሲለካም የሚታየው ይኸው ስፋት ነው፤ የንብርብሩ ውፍረት በይዘቱ ሲባዛ የሚገኘውን ይነግራል።

ቁጥሩን ወደ መጠን መለወጥ ይቀረናል። ለዚህ መሣሪያው ይዘቱ በታወቀ ነገር መፈተን አለበት። አሜሪካ ውስጥ፣ ኮሎራዶ ግራንድ ጃንክሽን ላይ፣ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ጉድጓዶች አሉ። እኛ በሚቀጥለው ዓመት ዋቱ በታወቀ አምፖል እንሞክራለን። ቱቦው ላብራቶሪው ጥግ ቆሟል፤ የጽዳት ተረኞች፣ ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትጥሉት።