አይማኩን የማልገዛበት ምክንያት

ዴንቨር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ሚኪዬ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፣ ሊያን እቀፍልኝ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ለሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮህ ያንን ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የሆነውን የአፕል አይማክ፣ ደግሞም አይፎን ላኪልኝ ያልክበትን የድምፅ መልእክትህን ሰምቼዋለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ቤት ስገባ ደግሞ ምን ብዬ እንደምመልስልህ ጠፋኝና ቀን ቀንን እየተካ ሄደ። ለሊያ "ኮርፋለች" ብለሃታል አሉ። አልኮረፍኩም። ግን "እትዬ፣ አንቺ አሜሪካ ቁጭ ብለሽ አንድ አይማክ ያቅትሻል?" ያልካት ነገር አጥንቴ ድረስ ገብታለች፣ አልዋሽህም። በስልክ እናውራ ስንል መስመሩ እየተቆረጠ ግማሹ ጉዳይ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ፣ ለሊያ ሠርግ ያልኩትን ብር በእማዬ ስም አስገብቻለሁ። ለልብስና ለድግስ ነው። ከእሱ ላይ ለስቱዲዮ አንድ ብር እንዳትነካ አደራ።

አይማኩን ግን አልገዛም።

ዋጋው ብቻ እንዳይመስልህ። መነሻው 1,299 ዶላር ነው፣ ታክሱ ሌላ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል፤ ያ ገንዘብ ድሬ ላይ ምን እንደሚሠራ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ቢሆንም ዕቃው ይጠቅምሃል ብዬ ባምን ተበድሬም እገዛው ነበር። ይህን እንድታምነኝ እፈልጋለሁ።

የምሠራበትን ታውቃለህ። ያገለገሉ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ተፈትሸውና ተጠግነው እንደገና የሚሸጡበት መጋዘን ነው። (እማዬ፣ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው፣ ክፍሉም ይሞቃል፣ ስለ ሌሊቱ አትጨነቂ።) አይማክ በየጊዜው በእጄ ያልፋል። ስክሪኑ ውብ ነው፤ እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። ባለ 24 ኢንቹ 4.5ኬ ነው፣ ከ11 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ማለት ነው። አንድ ቀን እሱን ስፈትሽ የሊያን የሽምግልና ቪዲዮ ከፈትኩበት። የእማዬ ቀሚስ ጥለት ላይ ወርቃማው ክር ከቢጫው ተለይቶ ታየኝ። በስልኬ ስንቴ አይቼው ያ ክር መኖሩንም አላወቅሁም ነበር። ቪዲዮውን ዘግቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ግን ያንን ስክሪን ስንከፍተው ብታይ! ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት አይማኮች ፊታቸው በብሎን አልተያዘም፣ ዙሪያውን በማጣበቂያ ነው የተለጠፈው። ትንሽ ክብ መቁረጫ በመስታወቱና በአሉሚኒየሙ መሃል አስገብተን ቀስ እያልን ማጣበቂያውን ዙሪያውን እንቆርጣለን። ጠለቅ ካደረግኸው ውስጥ ያለውን ገመድ ትነካለህ፣ ከቸኮልክ መስታወቱ ከጥጉ ይሰነጠቃል። ለመመለስ ደግሞ ለእሱ ተብሎ የተቆረጠ አዲስ ማጣበቂያ ያስፈልጋል። ድሬ ላይ ይህን ማን ይሠራልሃል? አባባ፣ ነፍሱን ይማርና፣ መጋላ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ገልብጦ መጀመሪያ የሚፈልገው ብሎኑን ነበር። ብሎን ካገኘ "ይድናል" ይላል፣ ካጣ ለባለቤቱ ይመልሳል። የያዝኩትን ሙያ ከእሱ ነው ያገኘሁት።

ሚሞሪውም ከቺፑ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ 2021 እ.ኤ.አ. ላይ ከወጣው ባለ ኤም1 ቺፕ አይማክ ጀምሮ 8 ጊጋ የገዛ ሰው በ8 ጊጋ ይኖራል። የአሁኑ ኤም4 በ16 ይጀምራል፣ እሱም ቢሆን ከገዛኸው በኋላ አይጨመርም። ስክሪኑ እንኳ ኮምፒውተሩ ሲያረጅ ብቻውን አያገለግልህም፤ ገመድ ሰክተህ ሌላ ኮምፒውተር ልታይበት አትችልም። ድስቱ ከምድጃው ጋር እንደተበየደ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱንም ትጥላለህ።

አንድ ላይ የተሠራ ዕቃ ለምን እንደሚወደድ አይጠፋኝም። 1998 እ.ኤ.አ. ላይ የመጀመሪያው አይማክ ሲወጣ ሐሳቡ ይህ ነበር፤ ከካርቶኑ አውጣ፣ ሶኬት ላይ ሰካ፣ ኢንተርኔት ውስጥ ግባ። መብራት የማይጠፋበት፣ ጠጋኝ ደጅ ላይ ያለበት ሰው ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አይማክ ግን ባትሪ የለውም። ሳቢያን ሰፈር መብራት ሲሄድ፣ የቪዲዮህ ሬንደር መጨረሻው ላይ ቢደርስም ባይደርስም፣ ድርግም ነው። ሙቀቱም አለ። አፕል ራሱ አይማክ ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይሥራ ይላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ልንገርህ እንዴ?

እዚያው ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ አየሁት ያልከውን ባለ 27 ኢንችም ተወው። እሱ ከኋላው ሚሞሪ የሚጨመርበት ትንሽ በር አለው፣ ለዚህ ብቻ እወደዋለሁ። ግን የመጨረሻው የ2020 ሥሪት ነው፣ ቺፑም የዱሮው ኢንቴል ነው፣ 2022 ላይ መሸጡ ቆሟል። ታሆ የሚባለው የ2025 እ.ኤ.አ. ማክኦኤስ፣ ማኩን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ለኢንቴል ማኮች የመጨረሻው እንደሆነም አፕል በዚያው በ2025 ተናግሯል። ደግሞ ማንም ያገለገለ ማክ ወይም አይፎን ሲያሳይህ፣ የበፊቱ ባለቤት አካውንት መውጣቱን በዓይንህ ሳታይ ብር እንዳትቆጥር። ከተቆለፈ እኛም እዚህ አንከፍተውም፤ ለመለዋወጫ ፈርሶ ነው የሚያልቀው።

"ታዲያ ባዶ እጄን ልቅር?" እንዳትል። ማክ ሚኒ ገዝቼልሃለሁ፣ ያለ ስክሪን የሚሸጠውን ትንሹን የአፕል ኮምፒውተር። ኤም4 ነው፣ 16 ጊጋ፣ አይማኩ ውስጥ ያለው ዓይነት ቺፕ ነው ያለው። ዋጋው ግን ግማሹም አይሆን። በየጎኑ 12.7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች። ጓደኛዬ ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ስለቷን ልታደርስ ትመጣለች፤ በእጅ ቦርሳዋ ይዛው ትገባለች። አይማክ ቢሆን ካርቶኑን አይታ ነበር እምቢ የምትለኝ። ሞኒተር እዚያው ግዛ፤ ቢሰበር ሞኒተሩን ብቻ ትለውጣለህ። መብራት የሚበላው ትንሽ ስለሆነ መብራት ሲሄድ በሚይዝ ትንሽ ባትሪ (ዩፒኤስ)ም ሥራህን አስቀምጠህ ለማጥፋት ጊዜ ታገኛለህ። ሙቀቱ ለእሱም ያው ነው፣ 35 ዲግሪ ነው ወሰኑ፤ ከግድግዳ አርቀው፣ ማራገቢያውን ወደ እሱ አዙርለት፣ በርካሽ ዲቫይደር ላይም አትሰካው። ውስጡ 256 ጊጋ ብቻ ስለሆነ የሠርግ ቪዲዮ ከውጭ በሚሰካ ዲስክ (ኤስኤስዲ) ላይ አስቀምጥ፣ እሱንም ጨምሬልሃለሁ። ለኤዲቲንግ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነጻ የሚሰጠው ይበቃሃል። ያ አሮጌ ፒሲህ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ላይ ነው፤ የእሱ ድጋፍ ባለፈው ጥቅምት ስላበቃ ለሒሳብና ለፕሪንት ብቻ ተጠቀምበት፣ የደንበኛ ፋይል አታኑርበት።

አሁን ወደ አይፎኑ። ደንበኛ አይፎን ሲያይ ያምነኛል ብለሃል። ይገባኛል፣ ከተማው ዓይኑ ላይ ነው። ግን እኔ ከዚህ የምገዛልህን አይፎን እወቀው። ከ14 ጀምሮ አሜሪካ የሚሸጠው የሲም ካርድ ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም፣ ካርድ በሌለው፣ ስልኩ ውስጥ ባለው ሲም (ኢሲም) ብቻ ነው። አንተ ደግሞ የቴሌውንም የሳፋሪኮሙንም ካርድ እያፈራረቅህ የምትሠራ ልጅ ነህ። ሳፋሪኮም ኔትወርኩን ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የከፈተው ድሬ ላይ መሆኑን በኩራት የነገርከኝ አንተ አይደለህም? እዚህ ሰዎች አይፎን የሚገዙበት አንዱ ምክንያት የመልእክቱ ቀለም ነው፤ ከአይፎን ወደ አይፎን የሚላከው ሰማያዊ ነው፣ ወደ አንተ የላኩት አረንጓዴ ሆኖ ከታያቸው እንደ ባዕድ ይቆጥሩሃል። አገር ቤት ማን በዚያ ይጻጻፋል? ቴሌግራሙም ዋትስአፑም በሁለቱም ላይ ይሠራል። ቴሌብር እንኳን ስማርት ስልክ ባይኖር በ*127# ይሠራል።

የአንድሮይድ ችግር ዱሮ ሶፍትዌሩ ቶሎ መተዉ ነበር። አሁን ግን ሳምሰንግ ከኤስ24 ጀምሮ 7 ዓመት አፕዴት እሰጣለሁ ብሏል፣ ጎግልም ከፒክስል 8 ጀምሮ እንዲሁ። እኔ የምፈራው መተውን ነው፣ አቦ። ማይክሮሶፍት የኖኪያን የስልክ ክፍል 2014 እ.ኤ.አ. ላይ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛ፤ ዊንዶውስ ስልክ ግን አልዳነም፤ 2019 ሲያልቅ ዋትስአፕም እዚያ ላይ መሥራቱን አቆመ። ብላክቤሪን ያኔ ሚኒስትሩም ነጋዴውም ይይዘው ነበር፤ የዱሮዎቹ ብላክቤሪዎች አገልግሎት ጥር 2022 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የቀሩት አይፎንና አንድሮይድ ናቸው፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ዋጋው ነው ልዩነቱ፣ እኔ ደግሞ ልዩነቱን ለእማዬ አውለዋለሁ።

ስልክ ልኬላታለሁ፣ ሳምሰንግ ነው፣ ከሚኒው ጋር ይመጣል። ፊደሉን በጣም አተልቅላት። የጎግልን ኪቦርድ ጫንላትና ማይኩን አሳያት፤ በአማርኛ ስትናገር ይጽፍላታል። ዓይኗ ከስኳሩ ጋር እየደከመ ነው ያልከኝን አልረሳሁም። ደግሞ ሚኪ፣ ግንቦት ላይ በሙቀቱ ምክንያት ወድቃ እንደነበር ከጎረቤት ነው የሰማሁት። ለምን ከጎረቤት? እንዳልጨነቅ መሆኑ ይገባኛል። እኔም ለእናንተ የማልነግራችሁ አለኝ። የእሷን ግን ንገሩኝ፣ በእግዚአብሔር። ስኳሯን በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትለካና ቁጥሩን ጽፈህ ላክልኝ። መለኪያው የሚጠቀምበትን ወረቀት ፎቶ አንሳና ከእዚህ ልግዛ።

ሊያዬ፣ ይህን ለአንቺ እንዲያነብልሽ ነው። የሐረሩን እጮኛሽን በቪዲዮ አይቼዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ አንገቱን ደፍቶ እጁን ሲያሻሽ ወደድኩት። አስተማሪ መሆኑንም ወደድኩት። ፀጉርሽን እኔ ነበርኩ የምሠራልሽ፣ ግቢ ውስጥ ማንጎው ሥር አስቀምጬሽ፣ ስታለቅሺ ሙሽበክ እያጎረስኩሽ። ለሠርግሽ ማን ሊሠራልሽ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፣ መልሱን ስለምፈራው ነው። መምጣት ሳልፈልግ እንዳይመስልሽ። ወረቀቴ ሳያልቅ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፣ ካልተመለስኩ ደግሞ የእማዬ መድኃኒት አለ፣ የሚኪ ኪራይ አለ። እዚህ በረዶው ጀምሯል። አመሻሽ ላይ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ባጃጁ ሲተረማመስ፣ ማታም አልጋ ወደ ደጅ ወጥቶ ሰው እያወራ እንቅልፍ ሲወስደው፣ ያ ያለበት ቦታ ምሽት ላይ ሁሌ ይመጣብኛል። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ እንደገና በእግሬ የማቋርጥበት ቀን ይመጣል፤ ለአንቺ ሠርግ ግን አልደረሰልኝም፣ ይቅር በይኝ።

ሚኪ፣ እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራህ በሚኒው የእህትህ ሠርግ ነው። የድሬ እኩለ ቀን እዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ፈረቃዬን አስቀይሬያለሁ፣ በቴሌግራም ቪዲዮ አስገባኝ። ስልኩን ለልጅ አትስጥ፣ ማቆሚያ ላይ አድርገው፤ የሠርጉን ሰው ሁሉ ማየት እፈልጋለሁ፣ ድንኳኑንም፣ ወጥ ቤቱንም። ስታቀናብረው ደግሞ እንደ ልማድህ ሙዚቃ አልብሰህ አሳጥረው፣ ያ ሙያህ ነው። እማዬ ሊያን ስትመርቅ ያለውን ግን አትቁረጠው። ዘፈንም አትጫንበት። ቢረዝምም፣ ብትደጋግመውም፣ ማልቀሷ ቃሏን ቢያቋርጣትም፣ ሙሉውን ለብቻው ላክልኝ።

የሞኒተሩን ዋጋ ጠይቀህ እስከ እሑድ ጻፍልኝ። ኤችዲኤምአይ መሰኪያ እንዳለው አረጋግጥ።

እህትህ
ማርታ