ድንች ይጨፈለቃል እንጂ አይፈጭም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በማጀት ዓምዳችሁ ላይ ስለ የተፈጨ ድንች አሠራር ያወጣችሁትን አንብቤ፣ አንድም ሳላጎድል እንደተጻፈው ሠራሁ። የምጽፍላችሁም ስለዚያ ድስት ነው።

ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ሁለት መንጋጋ ጥርሱን ተነቅሎ፣ ሐኪሙ ማኘክ ከልክሎት ነበር። ድንቹን ቀቀልኩ፤ ከወተትና ከቅቤ ጋር ብሌንደር ውስጥ ጨምሬ «እስኪልም ድረስ» ፈጨሁት። መላሙንስ ላመ። ማንኪያውን ሳነሣ ግን ድንቹ አብሮ ተነሣ፤ እንደ ማስቲካ ተጎተተ። ባለቤቴ አንዴ ቀመሰና ባበጠ ጉንጩ እየተኮላተፈ «አንቺ፣ ይሄ ፖስታ ማሸጊያ ነው?» አለኝ። ደፋሁት። ድስቱን ለማጠብ ራሱ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ማሳደር ነበረብኝ።

ጥፋቱ የብሌንደሩ ምላጭ ነው። የድንች ስታርች፣ ማለትም ዱቄታማው ነገሩ፣ በየህዋሱ ውስጥ ታሽጎ የተቀመጠ ነው። ሲቀቀል ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ህዋሱ እስካልተቀደደ ድረስ ግን እዚያው ውስጥ ይቆያል። ብሌንደር ያንን ሁሉ ህዋስ ይበጣጥሰዋል፣ ስታርቹ ይወጣና ሙጫ ይሆናል። አንዴ ሙጫ ከሆነ ደግሞ ቅቤም ወተትም አይመልሰውም። ስሙም ሳያሳስተን አልቀረም፤ «የተፈጨ ድንች» ስንል ኖረን እጃችን ወደ መፍጫ ቢሄድ ምን ይገርማል?

«ማንኛውም ድንች ይሆናል» ማለታችሁም አልተዋጠልኝም። ሲበስል ዱቄት ዱቄት የሚለው ነው የሚሆነው፤ ሲቀቀል እርጥብና ጠንከር ብሎ የሚቀረው ለሰላጣ ይሁን። መለየት ያቃተው 1 ኩባያ ጨው በ11 ኩባያ ውኃ ያሟሟና ድንቹን ይጨምርበት። ዱቄታሙ ይሰምጣል፣ ሌላው ይንሳፈፋል።

አሁን እንዲህ ነው የምሠራው። 1 ኪሎ ድንች ልጬ እኩል እኩል እቆርጥና ጨው ባለው ቀዝቃዛ ውኃ እጥደዋለሁ። በፈላ ውኃ ከጀመራችሁ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ይፈርሳል። ቢላ ሲወጋው ያለ ትግል ከገባለት ውኃውን አጠልልና ድንቹን ወደ ባዶው ድስት መልሼ ለስለስ ያለ እሳት ላይ አቆየዋለሁ። ይህችን ነገር ሰው ሁሉ ይዘላታል፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። እንፋሎቱ ቡን ብሎ ይወጣል፣ ድስቱን ወዝወዝ ሳደርገው የቁራጮቹ ጠርዝ ይሻክርና ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ያኔ ደርሷል። ውኃ የያዘ ድንች ቅቤ የሚያስገባበት ቦታ የለውም።

መጨፍለቂያ ስለሌለኝ ወንፊት ላይ አድርጌ በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ወደ ታች እጫነዋለሁ። መጫን ነው እንጂ ማሸት የለም። ትኩስ እያለ መጀመሪያ 100 ግራም ቅቤ፣ ቀጥሎ የሞቀ ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ቅቤው ቀድሞ ስታርቹን ከሸፈነው ወተቱ ሲመጣ እንዲያ አይጣበቅም። በዚህ ድንች ስሙን ያስጠራው ፈረንሳዊው ሼፍ ጆኤል ሮቡሾን ለ1 ኪሎ 250 ግራም ቅቤ ያደርግ ነበር፤ ባለቤቴ ኮሌስትሮል ስላለበት በእኛ ቤት ያ አይታሰብም።

የባለቤቴ ድድ ድኖ ሥጋ ማኘክ ጀምሯል፤ ድንቹን ግን ዛሬም ይጠይቃል። እናንተ ከቻላችሁ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው መጠን ፊደል እርማት አውጡ። ቦታ ከጠበበም ብሌንደር የምትለዋን ቃል ብቻ ሰርዙልኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ