አባቴ ስለ ሰባራ ድልድይ ሊናገር መጥቶ ነበር

ይድረስ ለክቡር የቅርስ ቢሮ ኃላፊ፣

ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገባሁ። ሁለት ጊዜ በአካል መጣሁ። ከእርስዎ አንድ መስመር መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ ይህንን ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ጽፌዋለሁ።

አምና ኅዳር ላይ አባቴን ይዤ ቢሯችሁ መጣሁ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነበር። ከሞጣ ሌሊት ተነስተን ነው የመጣነው። ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን ጉልበቱ መሃል አቁሞ፣ ኮሪደር ላይ ባለው አግዳሚ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠ። የመጣው ገንዘብ ሊለምን አልነበረም። በእኛ በሞጣ በኩል አባይ ላይ ስላለው ስለ ሰባራ ድልድይ የሚያውቀውን ተናግሮ፣ አንድ ሰው እንዲጽፍለት ብቻ ነበር የፈለገው። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ብቅ ብሎ «የፈረሰ ድልድይ ምን ታሪክ አለው አባት? ሌላ ቀን ይምጡ» አለው። አባቴ «እሺ ልጄ» ብሎ ተነሳ። ሌላ ቀን አልመጣም። ጥር ላይ ቀበርነው።

ለዚያ ሠራተኛ መልሱን ልስጠው፤ እርስዎም ያንብቡት።

አባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞራታል። ከጎጃም ወደ ቤጌምድር፣ ወደ ወሎም ሆነ ወደ ሸዋ የሚሄድ ሰው አባይን መሻገር አለበት። ነጋዴው ከእናርያና ከከፋ ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ጭኖ በጉድሩ በኩል አባይን ይሻገርና ባሶ ገበያ ይደርሳል። የተሸጡ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ተነድተዋል፤ ይህም መጻፍ አለበት። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርዳል። መሻገሪያው ታንኳ ነው፣ አየር የተነፋ ስልቻ ነው፣ ዋና ነው። ክረምት ከገባ ወንዙ ይሞላና መንገዱ ይዘጋል።

ጦርም እንደዚያው ነው። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባይን ተሻግረው እምባቦ በሚባል ቦታ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ተዋጉ። ተሸነፉ፤ ቆስለውም ተማረኩ። የንጉሣቸውን መማረክ ያየ የጎጃም ወታደር ወደ አገሩ ለመመለስ ያንን ወንዝ እንደገና መሻገር ነበረበት። ይህን ሳስብ ሁሌም ሆዴ ይላወሳል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ወንዝ ላይ ነው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው። የመጀመሪያው ጢስ አባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ነው፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ በኖራ ተገነባ። ሁለተኛው የእኛው ነው፤ ሰዉ የአፄ ፋሲል ሥራ ነው ይለዋል። ድልድይ ማለት ክረምት ከበጋ መሻገር ማለት ነው። የሞጣ ሰው እህሉን ይዞ ቤጌምድር ይወጣል፣ የቤጌምድር ሰው ሞጣ ገበያ ይውላል፣ ይጋባል፣ ይዋለዳል።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የጠላትን መንገድ ለመዝጋት ድልድዩን ሰበሩት። ሲናድ አብረውት የወደቁ እንዳሉ አባቴ ከአባቱ ሰምቶ ይነግረን ነበር። «ሰባራ ድልድይ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ሠራተኛችሁ «የፈረሰ» ያለው እነሱ አገር ለማዳን ያፈረሱትን ነው!

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ለአሥርት ዓመታት ሰው በተሰበረው ክፍተት ላይ በገመድ ተጎተተ። እኔ በሰባት ዓመቴ ለአጎቴ ሠርግ ስሻገር አስታውሳለሁ። ወገቤ ላይ ታሰርኩ። በዚህ በኩል አሥር የሚሆኑ ሰዎች ገመዱን ያላሉ፣ በዚያ በኩል ያሉት ይስባሉ። መሃል ላይ ስደርስ እግሬ ሥር ምንም የለም፤ ከታች የደፈረሰው አባይ ብቻ ነው የሚጮኸው። ገመዱ ብብቴን ልጦት ነበር። ከሚያላሉት አንዱ አባቴ ነበር። መዳፉ እስኪሞት ድረስ እንደ ቅርፊት ደረቅ ነበር። በዚያ ገመድ እርጉዝ ተሻግራለች፣ ፍየል ተሻግሯል፣ ጨው ተሻግሯል።

አንድ አሜሪካዊ የእነዚህን ገመድ ጎታቾች ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ ዝም ማለት አቃተው። ሰዎች አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰበረውን ክፍል ከነዋሪው ጋር በብረት ጠገነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ለዚያ ሰው አንድ ፎቶ በቃው። እናንተ ግን ሰውየው ራሱ በራችሁ ላይ ተቀምጦ አላያችሁትም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቅርስ ማጥናትና መጠበቅ የእናንተ ሥራ ነው፤ እኔ የማደርግላችሁ ውለታ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ አዲሱ 380 ሜትር የአባይ ድልድይ ሲመረቅ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን ያ ድልድይ ከመምጣቱ በፊት ሰው እንዴት ይሻገር እንደነበር የሚያውቁት እያለቁ ነው። ከአባቴ ጋር ገመድ ከሳቡት በእኛ ሰፈር ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። አንደኛው ጆሮው ከብዷል። መቅጃ ይዞ የሚመጣ አንድ ባለሙያ ላኩ፤ ማደሪያውንና ምግቡን እኛ እንችላለን።

የአባቴ የቃጫ ገመድ እናቴ ጓዳ ተሰቅሏል። መሃሉ በላብና በእጅ ጠቁሯል። እናቴ ልትጥለው አልፈለገችም፤ እኔም ለማን እንደማስረክብ አላውቅም። የሚረከበኝን ሰው ስምና የቢሮ ቁጥር ይጻፉልኝ። በማግስቱ ይዤው እመጣለሁ።