«ፈጠራ ነው» ብላችሁ አትዝጉብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት በአንባቢያን አስተያየት ገጻችሁ ላይ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የዛሬ ወጣት ስለሌለ ነገር ሲጨቃጨቅ ይውላል ይላሉ። በፊልም ላይ ደም መጣጩ ቫምፓየር በር ላይ ለምን ይቆማል፣ እሳት የሚተፋው ድራጎን በስንት ሰዓት ይደርሳል እያለ ጊዜውን ያቃጥላል ባይ ናቸው። መደምደሚያቸው አጭር ነው፦ «ፈጠራ ነው፤ በፈጠራ ላይ ደግሞ ምን ክርክር አለ?»

አለ እንጂ! እንዲያውም ፈጠራ ስለሆነ ነው ክርክሩ የሚያስፈልገው። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ።

የምሠራው እዚህ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው የገበያ ሰፈር፣ ሞባይል የሚጠገንበትና ተከታታይ ፊልም በፍላሽ የሚጫንበት ሱቅ ውስጥ ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ገበያው ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ወሬው ይደምቃል። የባጃጅ ሹፌር ይመጣል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትመጣለች፣ ከጎናችን ያለው ልብስ ሻጭ ወንበሩን ይዞ ይጠጋል። ጫቱን ይዞ የሚመጣ አለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይዞ የሚመጣም አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ኦሮሞውም ሶማሌውም ሐረሪውም አለበት። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፦ «ይሄ ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ?»

ጸሐፊው አንድ ከሰዓት አብረውን ቢቀመጡ የሚያዩት ነገር አለ። እዚያ «መሰለኝ» የሚል ሰው ሰሚ የለውም። ስንተኛው ሲዝን፣ ስንተኛው ክፍል ብሎ መጥቀስ ግድ ነው። ካልጠቀስክ ወሬህ ውሃ አያነሳም።

«ሱፐርናቹራል»ን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀምሮ በ2020 ያለቀ፣ 15 ሲዝንና 327 ክፍል ያለው ተከታታይ ነው። ሳምና ዲን የሚባሉ ወንድማማቾች መንፈስና ጋኔን እያደኑ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያቆራርጧታል። የታሪኩ ሕግ ገና ከጅምሩ ተነግሮናል። የሙት መንፈስ በጨው ላይ አያልፍም። ብረት ሲያርፍበት ይበተናል። ጨርሶ እንዲሄድ ከተፈለገ አጥንቱ ጨው ተነስንሶበት ይቃጠላል። የብረቱን ነገር ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። አራስ ራስጌ ቢላ ሲቀመጥ አይቶ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ታዲያ ሰባተኛው ሲዝን ላይ ቦቢ ይሞታል። ቦቢ ለሁለቱ ልጆች አባት ማለት ነው። ሬሳው ይቃጠላል። ትንሽ ቆይቶ መንፈሱ ብቅ ይላል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛችን ይህን አይቶ ደሙ ፈልቶ መጣ። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና «አቦ ይሄ ማጭበርበር ነው! አቃጥለውት የለም እንዴ?» አለ።

ተማሪዋ «ኮዳውስ?» አለችው።

ቦቢ ከኪሱ የማይለያት ትንሽ የመጠጥ ኮዳ ነበረችው። ሲሞት ዲን አስቀራት። መንፈሱ የተጣበቀው እሷ ላይ ነው። ሹፌሩ ግን አልተዋጠለትም። «ይሄንን ሲጨንቃቸው ነው የፈጠሩት» ብሎ ድርቅ አለ።

እሷም አልተበገረችም። ወደ መጀመሪያው ሲዝን፣ ወደ ሰባተኛው ክፍል መለሰችው። እዚያ ላይ በእጁ ፈንታ የብር መንጠቆ የነበረው ነፍሰ ገዳይ አለ። አጥንቱን አውጥተው ያቃጥሉታል፤ መንፈሱ ግን መግደሉን አይተውም። መንጠቆው ቀልጦ ለካ የአንዲት ልጅ የአንገት ሐብል ሆኗል። ሐብሉ እሳት ውስጥ ሲገባ ነው ነገሩ የሚያበቃው። እንግዲህ ሕጉ ቦቢ ከመሞቱ ስድስት ዓመት በፊት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ሹፌሩ ይህን ክፍል አላየውም። ሌላ ቦታ ያስጫነው ፍላሽ ላይ ተዘሎ ኖሯል። እኛ ኮምፒውተር ላይ ከፈትነው። ሐብሉ እስኪቀልጥ ድረስ ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ «እሺ፣ ሕጉ ነበረ። አንቺ ነሽ ልክ» አላት። ማስረጃ ሲቀርብለት እንዲህ በሰው ፊት አቋሙን የሚለውጥ ሰው በስንት ስብሰባ ላይ ነው ያየነው? እኔ ይህን ጊዜ ማቃጠል ብዬ ለመጥራት አንደበቴ እሺ አይለኝም።

«ፈጠራ ነው» የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር የሚያምታቱ ይመስለኛል። ድራጎን የለም፤ ይህን እናውቃለን። ማንም ድሬ ላይ ድራጎን አለ ብሎ አልተከራከረም። ጥያቄው ደራሲው ራሱ ያወጣውን ሕግ ጠብቋል ወይ ነው። ዳኛ ከዕረፍት መልስ የኦፍሳይድ ሕግ ለአንዱ ቡድን ብቻ ቢቀይር ስታዲየሙ ዝም ይላል? «ኳስ ጨዋታ ነው እኮ» ቢባል ማን ይሰማል? እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ስለ ተረት ባደረገው ንግግር ይህንኑ ብሏል። ደራሲው ሌላ ዓለም ይሠራል፤ እዚያ ውስጥ እስካለን ድረስ የሚነግረን ነገር ከዚያ ዓለም ሕግ ጋር ስለሚስማማ እውነት ነው። ጥርጣሬ የገባ ዕለት ግን ድግምቱ ይፈርሳል።

ለዚህም ሩቅ መሄድ አያሻም። እናቴ የሐረር ልጅ ናት፤ ጀጎል ውስጥ ነው ያደገችው። በዐሹራ ለጅቦች ቅቤ የበዛበት ገንፎ እንደሚቀርብላቸው የነገረችን እሷ ናት። ጅቦቹ ከግማሽ በላይ ከበሉ ዓመቱ ጥጋብ ነው ይባላል። ካልነኩት ክፉ ነው። ሙልጭ አድርገው ከጨረሱትም ክፉ ነው። ልብ በሉ፣ «በሉ» ወይም «አልበሉም» ብቻ አይደለም፤ ልክ አለው። ጅቦቹ ሌሊት በግንቡ ቀዳዳ ገብተው ከተማውን ከጅኒ እንደሚያጸዱም ይነገራል። እምነትን ከፊልም ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ነገር ግን የማይታየው ዓለም ሥርዓት እንዳለው ከአሜሪካ ተከታታይ ፊልም አልተማርነውም። ልጅ ሆነን እናቴን «ለምን ሙሉውን ቢበሉ ክፉ ይሆናል?» ብለን እንጠይቃት ነበር። አንድም ቀን «ዝም በሉ፣ ወሬ ነው» አላለችንም። ቁጭ ብላ ታስረዳን ነበር።

ወደ ቫምፓየሩ በር ልመለስ፤ ጸሐፊው በተለይ እሱን ነው ያጣጣሉት። «ዘ ቫምፓየር ዳያሪስ» በሚባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ቫምፓየር ሰው ቤት ሳይጋበዝ አይገባም። ትምህርት ቤትና መጠጥ ቤት ግን ዝም ብሎ ይገባል። የሚያግደው የሰው መኖሪያ ነው። ሁለተኛው ሲዝን ላይ አንድ ግሩም ነገር ይመጣል። የሁለቱ ቫምፓየር ወንድማማቾች ቤት በሰነድ ወደ ኤሌና ስም ይዛወራል። ኤሌና ሕይወት ያላት ሰው ናት። ከዚያ በኋላ የገዛ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቀሩ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አንዱን ወንድም፣ ስቴፋንን፣ ታስገባለች። ሌላውን፣ ዳመንን፣ ግን ቃል ካልገባህ አላስገባህም ትለዋለች። አንድ ወረቀት ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ጉልበት ያስቆመው።

ይህን ባየን ማግስት ልብስ ሻጩ ጎረቤታችን «የቀበሌ ቤት ቢሆንስ?» አለ።

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ቆይቶ ግን ሳቁ ቆመ፤ ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ነው፤ የሚኖርበት ተከራይ ነው። ታዲያ ጋባዡ ማነው? አንደኛው ወገን «ታሪኩ ራሱ በሰነድ ወስኗል፣ ስለዚህ ባለ ሰነዱ ነው» አለ። ሌላኛው ወገን እንዲህ ሲል መለሰ፦ «እንደዚያ ከሆነ ባለቤቱ ጅቡቲ ተቀምጦ፣ ተከራዮቹ ተኝተው ሳለ፣ በስልክ ‹ግባ› ሊለው ነው? በሩን የሚያስከብረው በውስጡ የሚኖረው ሰው ነው።» ክርክሩ ከቫምፓየር ተነስቶ ቤት ማለት ምንድን ነው ወደሚለው ተሻገረ። ወረቀቱ ነው ወይስ ኑሮው? ዕድሜ ልካቸውን በቀበሌ ቤት የኖሩ ሰዎች አፋቸውን ሞልተው ተናገሩ። በሌላ መንገድ ቢጠየቁ እንደዚያ የሚናገሩ አይመስለኝም። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ሰነዱን የጠቀሱት ግን በማስረጃ ይበልጡናል።

የድራጎኑ ጉዳይ ደግሞ ጸሐፊው ካሰቡት በላይ ቀላል ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀምር ንጉሡ ከዋና ከተማው ወደ ሰሜን ለመድረስ አንድ ወር እንደተጓዘ ይነገረናል። በ2017 በሰባተኛው ሲዝን ግን ሌላ ነገር እናያለን። አንዱ በእግሩ ሮጦ ሰሜን ጫፍ ያለው ትልቁ ግንብ ጋ ይደርሳል፣ ቁራ መልእክት ይዞ ወደ ደቡብ ይበራል፣ ንግሥቲቱ ከነድራጎኖቿ ትደርሳለች፤ ጓደኞቹ ግን ገና በረዶ ሐይቅ ላይ ተከበው ይጠብቃሉ። በየቀኑ የደንገጎን ዳገት እየወጣ ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር የሚያመላልስ ሹፌር ይህንን ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። መንገድ ምን እንደሆነ ያውቃል። የክፍሉ ዳይሬክተር አላን ቴይለርም ሲጠየቅ የጊዜው ነገር ትንሽ ብዥ ማለቱን አልካደም።

ይህን ስል ተመልካች ሁሌ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የጌም ኦፍ ትሮንስ የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሠራልን የሚል አቤቱታ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈርሟል። እኔ አልስማማም። ደራሲን መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ በደራሲ እጅ ገብቶ ልጻፍልህ ማለት ሌላ። ፊልሙን ሳያይ ቀዳዳ ብቻ ለመልቀም የሚመጣ ሰውም ያናድደኛል። ታሪኩን የማይወድ ሰው ሕጉ ቢጠበቅ ባይጠበቅ ምን ገዶት ነው?

ሕግ ሲላላ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሱፐርናቹራል ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 ሳም ይሞታል። ዲን ነፍሱን ለጋኔን ሸጦ ያስመልሰዋል። የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ዓመቱ ሞላና በ2008 እውነትም ሲኦል ወረደ። ያንን ክፍል ያየ ሰው ሞት ዋጋ እንዳለው ይሰማዋል። የተከታታዩ ፈጣሪ ኤሪክ ክሪፕኪ ታሪኩን ለአምስት ሲዝን ነበር ያቀደው፤ ከአምስተኛው በኋላም መሪነቱን ለቋል። ከዚያ ወዲህ ሰው እየሞተ መመለስ እየረከሰ ሄደ። መጨረሻ ላይ ደንበኞቻችን አንድ ሰው ሲሞት ማዘን ተዉ። «ይመለሳል አቦ፣ አትጨነቅ» ይባባላሉ። ለእኔ ትልቁ ኪሳራ ይሄ ነው። ሕጉ ሲፈርስ ሐዘኑም አብሮ ፈረሰ።

ለዚህ ነው የአገራችን ድራማ ጸሐፊዎችም ይህን ክርክር እንዲሰሙት የምፈልገው። የቡዳ፣ የዛር፣ የጅኒ፣ የጅብ ታሪክ ሞልቶናል፤ እያንዳንዱም የራሱ ሥርዓት አለው። አንድ ቀን አንዱ ጎበዝ ይህን በቴሌቪዥን ሲሠራው፣ በሦስተኛው ክፍል የተናገረውን በሠላሳኛው ክፍል የሚያስታውስበት ተመልካች ከወዲሁ አለው። ያ ተመልካች አሁን ሱቃችን ውስጥ ተቀምጧል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በመዝናኛ ገጻችሁ ላይ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ጠበብ ያለች አምድ ስጡን። በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ይውጣ፣ አንባቢ ክፍሉን ጠቅሶ ይመልስ። መልስ ስታወጡ የትኛው ሲዝን ድረስ እንደሚነካ ከላይ ጻፉልን፤ ገና ያላየ ሰው እንዳይበላሽበት።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልላክ። ሱፐርናቹራል ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ሲዝኖች ጋኔን ያደረበት ሰው ሲገኝ ሳምና ዲን ጸሎት እየደገሙ ጋኔኑን ያስወጡ ነበር። ውስጥ ያለው ሰው ምስኪን ነውና እንዲተርፍ ይደክማሉ። ከሦስተኛው ሲዝን ጀምሮ ጋኔን የሚገድል ቢላ አገኙ። ቢላው ግን ሰውየውንም አብሮ ይገድላል። ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ጸሎቱን ትተው በቢላው ነው የሚወጉት። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ የተቀየረው የታሪኩ ሕግ ነው ወይስ የሁለቱ ልጆች ልብ? የራሴ መልስ አለኝ፤ መጀመሪያ ግን የአንባቢዎቻችሁን መስማት እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ